ለወሎ ቅኝቶች የትኛው ሲኩዌንሰር ይሻላል?

ክራር ሲቃኝ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አናሎግ ሲኩዌንሰር ምን እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ደርዳሪው አንዱን ክር ከላይኛው ቀንበር ላይ እየጠመዘዘ ያጠብቃል፣ መታ አድርጎ ያደምጣል፣ ጥቂት ያላላል፣ ደግሞ ያደምጣል። ወደ ሁለተኛው ክር የሚሻገረው የመጀመሪያው ልቡን ሲሞላው ነው። አምስቱ ወይም ስድስቱ ክሮች ተራ በተራ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ክራሩ የሚያውቀው አንድ ቅኝት ብቻ ነው፤ ሌላ ከተፈለገ እንደገና መቃኘት ነው። አናሎግ ሲኩዌንሰርም በክር ፋንታ ማዞሪያ ያለው እንዲህ ያለ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ማዞሪያ አንድ ድምፅ ይይዛል። ምት በመጣ ቁጥር መሣሪያው ከአንዱ ማዞሪያ ወደ ቀጣዩ ይራመዳል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ባቲ ሆኖ ሞዱላር ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ሞዱል የሚባሉ ክፍሎች በኬብል ተያይዘው ድምፅ የሚያወጡበትን መሣሪያ፣ ለመጀመር ለሚያስብ፣ ገንዘቡም ውስን ለሆነ ሰው ነው። ከውጭ የሚመጡት የምርጫ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚመዝኑት በእርምጃ ብዛት፣ በማስታወሻ መጠንና በዋጋ ነው። እኔ የምመዝነው በሌላ ነገር ነው። የአምባሰል ተራራና የባቲ ገበያ ስማቸውን ለቅኝት የሰጡበት አገር ተቀምጠን የምንገዛው ሲኩዌንሰር አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ መያዝ ካልቻለ፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት ለእኛ የጎደለ መሣሪያ ነው።

ይህን የተማርኩት በስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ሳለሁ ብዙ ነገር የሚያስታውስ ዲጂታል ሲኩዌንሰር አስመጥቼ አንቺሆዬ ሞላሁበትና ክራር ሲጫወቱ ላረጁ አንድ ጎረቤቴ አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሁለት ዙር አደመጡ። «እስከ አራተኛው ድረስ አንቺሆዬ ነበር፤ አምስተኛው ላይ ሌላ ቤት ገባህ» አሉኝ። ማዞሪያውን ወደ ላይ ብወስደው፣ ወደ ታች ብመልሰው አምስተኛው ድምፅ እሳቸው ወዳሉት ቦታ አልመጣልኝም። ለምን እንዳልመጣ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የዚህ መመሪያ ዋና ነገርም እዚያ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

በሞዱላር ሲንተሳይዘር ውስጥ የድምፅ ከፍታ የሚታዘዘው በቮልቴጅ ነው። በብዛት በሚሠራበት ደንብ አንድ ቮልት አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ነው፤ ማለትም ድምፁን ወደሚያመነጨው ሞዱል፣ ወደ ኦሲሌተሩ፣ የሚገባው ቮልቴጅ በ1 ሲጨምር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። በፒያኖ አቆጣጠር ኦክታቭ ውስጥ 12 ግማሽ ድምፆች ስላሉ አንዱ ግማሽ ድምፅ 0.083 ቮልት ያህል ይሆናል። ንጹሕ አናሎግ የሆነ ሲኩዌንሰር ላይ ማዞሪያው በእነዚህ ድምፆች መካከል ባለው ቦታ ሁሉ ሊቆም ይችላል፤ እንደ ማሲንቆ ነው፣ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚወስን ምልክት የለውም። ብዙ አዳዲስ ሲኩዌንሰሮች ግን ኳንታይዘር የሚባል ነገር አላቸው። ኳንታይዘር ማዞሪያው ያወጣውን ቮልቴጅ ይቀበልና አስቀድሞ ከተሰጡት ድምፆች ወደ ቅርቡ ይጎትተዋል። ለጀማሪ ደስ ይላል፤ የተሳሳተ ድምፅ አይወጣም። ነገር ግን የተሰጡት ድምፆች ሜጀርና ማይነር ብቻ ከሆኑ አንቺሆዬ አይወጣም።

ከመነሻው ድምፅ ጀምረን በግማሽ ድምፅ ብንቆጥር አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በሜጀር ስኬል ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይገኛሉ፤ ከሲ ተነስተን ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ስንል። ከሲ ዘጠኝ ግማሽ ድምፅ ስንቆጥር ግን የምናርፈው በሶልና በላ መካከል ባለው ጥቁር ቁልፍ ላይ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ በዚያ ሜጀር ውስጥ የለም። ማይነሩም ከዚያው ድምፆች የተሠራ ስለሆነ አያድነንም። ስለዚህ ኳንታይዘሩ አምስተኛውን ድምፅ ወይ ወደ ሶል ወይ ወደ ላ ይጎትተዋል። ጎረቤቴ «ሌላ ቤት» ያሉት ይህንን ነው። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል መነሻውን ካስተካከልን በሜጀር ኳንታይዘር ውስጥ ይገባሉ። አንቺሆዬ አይገባም። ሲኩዌንሰር ለመግዛት ስትሄዱ ሻጩ ምን ምን እንደሚችል ሲዘረዝር ሳትሰለቹ አድምጡ፤ ከዚያ አንቺሆዬን ሞሉበትና ጆሯችሁ የሚለውን ተቀበሉ።

ሁለተኛው መመዘኛ የእርምጃ ብዛት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞዱላር ሲኩዌንሰሮች በአሜሪካ የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ዶን ቡክላ በሳን ፍራንሲስኮ ቴፕ ሙዚክ ሴንተር ለነበሩ አቀናባሪዎች በሠራው ሲስተም ውስጥ ባለ 8 እና ባለ 16 እርምጃ ሲኩዌንሰሮች ነበሩ። ሮበርት ሙግ ደግሞ 960 የተባለውን ባለ 8 እርምጃ፣ ባለ 3 ረድፍ ሞዱል አወጣ። ከዚያ ወዲህ ስምንትና አሥራ ስድስት ልማድ ሆኑ፤ በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ ይመቻሉና። የእኛ ጭፈራ ግን አብዛኛው በስድስት ነው የሚሄደው። ችክችካን በስምንት እርምጃ ላይ ካስኬዳችሁት ጫፉ እየተረፈ ከከበሮው ጋር ይጣላል። ስለዚህ የምትገዙት ሲኩዌንሰር በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት መቆረጥ መቻል አለበት። በአምስት መቆረጥ ከቻለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ አምስት የቅኝቱ ድምፆች ብዛት ነውና። አምስት እርምጃ ያለው ዜማ በስድስት ከሚቆጠር ምት ጋር አብሮ ሲሄድ ሁለቱ እኩል መነሻ ላይ የሚገናኙት ከ30 ምት በኋላ ነው። በመካከሉ ዜማው በየዙሩ ሌላ ድምፅ ላይ ያጠብቃል። ይህ ሳይለወጥ የሚለወጥ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ቢደመጥ አይሰለቸኝም።

አሁን ወደ አማራጮቹ።

ምንም ገንዘብ ሳታወጡ የምትጀምሩበት ቪሲቪ ራክ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሲሆን ነፃ የሆነው ዓይነቱ ለዚህ ሥራ ይበቃል። አንድ ጊዜ ካወረዳችሁት በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። ሴክ 3 የሚባለው ሲኩዌንሰሩ ባለ 8 እርምጃና ባለ 3 ረድፍ ነው፤ እርምጃውን ወደ 5 ወይም 6 የሚያሳንስ ማዞሪያም አለው። ትልቁ ጥቅሙ ማዞሪያው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ የምትፈልጉትን ቮልቴጅ በቁጥር መጻፍ መቻላችሁ ነው። መነሻውን 0 ብላችሁ ቀሪዎቹን እንዲህ ሞሉ፦

ትዝታ ሜጀር፦ 0፣ 0.167፣ 0.333፣ 0.583፣ 0.75
ትዝታ ማይነር፦ 0፣ 0.167፣ 0.25፣ 0.583፣ 0.667
ባቲ ሜጀር፦ 0፣ 0.333፣ 0.417፣ 0.583፣ 0.917
ባቲ ማይነር፦ 0፣ 0.25፣ 0.417፣ 0.583፣ 0.833
አምባሰል፦ 0፣ 0.083፣ 0.417፣ 0.583፣ 0.667
አንቺሆዬ፦ 0፣ 0.083፣ 0.417፣ 0.5፣ 0.75

እነዚህ ቁጥሮች የፒያኖ ናቸው። ክራር ደርዳሪ ጆሮው እንደነገረው ስለሚቃኝ ከእነዚህ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ የቅኝቱ ለዛ ያለውም በዚያች ጥቂት ላይ ነው። ቁጥሩን መንገድ ለመጀመር ተጠቀሙበት፤ ከዚያ ጆሯችሁን ተከተሉ። ሠንጠረዡን ግን ጥቂት ቆማችሁ እዩት፤ ብዙ ይናገራል። አምባሰልና አንቺሆዬ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በአራተኛውና በአምስተኛው ብቻ ነው። አራተኛውን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ አምስተኛውን ግማሽ ድምፅ ከፍ ካደረጋችሁ አምባሰል አንቺሆዬ ይሆናል። ሁለት ማዞሪያ ነው የሚነካው። የትዝታ ሜጀርና ማይነርም ልዩነታቸው ሁለት ማዞሪያ ነው። ሌላም አለ፤ ትዝታ ማይነርን ከአራተኛው ድምፁ ጀምራችሁ ብትዞሩ አምባሰልን ታገኛላችሁ፤ ትዝታ ሜጀርን ከአምስተኛው ድምፁ ብትጀምሩ ባቲ ማይነርን። መነሻ እርምጃውን መምረጥ የሚያስችል ሲኩዌንሰር ካላችሁ በሁለት መቃኘት አራት ቅኝት ይወጣላችኋል ማለት ነው። ድምፆቹ አንድ መሆናቸው ቅኝቱን አንድ አያደርገውም፤ ማረፊያው የት እንደሆነ ማሳወቅ አለባችሁ። ለዚህ ከሥር መነሻውን ድምፅ እንደ በገና እያንጎራጎረ የሚቆይ ሁለተኛ ኦሲሌተር መጨመር ይበቃል።

የኮምፒውተሩ ጉድለት እጅ የሌለው መሆኑ ነው። ማውስ አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ምቱ እየሄደ ሁለት ማዞሪያ በሁለት እጅ እያዞሩ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ መሻገር አይቻልም። ለእኔ የአናሎግ ሲኩዌንሰር ደስታው ይኸው ስለሆነ ኮምፒውተሩን እንደ መማሪያ እንጂ እንደ ማረፊያ አላየውም።

እጅ ያለው ርካሹ አማራጭ ራሳችሁ የምትሠሩት ነው። ልቡ 4017 የሚባል ቺፕ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳና በሠርግ ቤት ጌጥ ላይ ተራ በተራ የሚበሩ መብራቶችን የሚሠራ ባለሙያ ያውቀዋል፤ ምት ሲሰጡት ከአሥር መውጫዎቹ አንዱን ብቻ እያበራ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። መብራቱን አውጥታችሁ በቦታው ፖቴንሺዮሜትር፣ ማለትም የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ዓይነት ማዞሪያ ካስገባችሁ ሲኩዌንሰር ሆነ። ምቱን 555 በተባለው ቺፕ ማመንጨት ይቻላል። እግር 14 ምቱን ይቀበላል፤ እግር 13 ከመሬት ጋር ይታሰራል፤ እግር 15 ወደ መጀመሪያው መመለሻ፣ ማለትም ሪሴት ነው። አምስት እርምጃ ለማግኘት እግር 1ን ከእግር 15 ጋር አገናኙ፤ ለስድስት እርምጃ እግር 5ን። በመካከላቸው መቀያየሪያ ብታደርጉ በአንድ ጣት ከአምስት ወደ ስድስት ትሸጋገራላችሁ። ውድ ከሆኑት መሣሪያዎች ስንቶቹ ይህን በእንዲህ ያለ ቅለት አያደርጉትም!

ሦስት ነገር ካልተጠነቀቃችሁለት ግን ይህ መሣሪያ ልብ ያደክማል። የመጀመሪያው ባትሪው ነው። ቮልቴጁ በቀጥታ ከ9 ቮልት ባትሪ ከመጣ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ቅኝቱም አብሮት ይወርዳል። 78ኤል05 የተባለውን ትንሽ ማረጋጊያ አስገቡበትና ቺፑ ሁልጊዜ 5 ቮልት ያግኝ። ሁለተኛው ዳዮዶቹ ናቸው። ማዞሪያዎቹ እርስ በርስ እንዳይጠላለፉ በየአንዳንዱ ላይ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ይገባል፤ ዳዮድ ደግሞ 0.6 ቮልት ያህል ይበላል። ስለዚህ የማዞሪያው የታችኛው ክፍል ምንም ድምፅ አይለውጥም። ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት፤ የዳዮዱ ጠባይ ነው። መውጫው ላይ ኦፕ-አምፕ የተባለውን የማጉያ ቺፕ መጨመር ቀጣዩ ሞዱል ቮልቴጁን እንዳያዛባው ያደርጋል። ሦስተኛውና ዋናው የማዞሪያው ክልል ነው። አንድ ፖቴንሺዮሜትር 300 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ይህ ዙር 5 ቮልት ከሸፈነ አንድ ኦክታቭ 60 ዲግሪ፣ አንድ ግማሽ ድምፅ ደግሞ 5 ዲግሪ ብቻ ይደርሰዋል። በ5 ዲግሪ ውስጥ አንቺሆዬን መቃኘት መርፌ ላይ እንደመቆም ነው። መውጫውን በሬዚስተር ወደ 2 ቮልት ብታወርዱት ግማሽ ድምፁ 12 ዲግሪ ተኩል ያገኛል፤ ወደ 1 ቮልት ብታወርዱት 25 ዲግሪ። አንድ ኦክታቭ ለአምስት ድምፅ ቅኝት ይበቃልና ጠባቡን ምረጡ። ሥራውን ለማጣራት ተራ መልቲሜትር ይበቃል፤ ግን በ2 ቮልት ክልሉ ላይ አድርጋችሁ እስከ ሦስተኛው አኃዝ አንብቡ። በ20 ቮልት ክልል ላይ የሚያሳያችሁ እስከ ሁለተኛው ብቻ ስለሆነ ስህተቱ ለጆሮ ይሰማል።

መበየድ የማይወድ ወይም ጊዜ የሌለው ሰው ኮርግ ኤስኪው-1ን ይመልከት። እጅ ላይ የሚያዝ ትንሽ ሳጥን ነው፤ 16 ማዞሪያ በሁለት ረድፍ አለው። በሁለት ትንንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ወይም በዩኤስቢ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ከስልክ መሙያ ባትሪ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ እኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ቢከተው አይከብደውም። ውስጡ ግን ንጹሕ አናሎግ አይደለም፤ ማዞሪያዎቹን በዲጂታል ያነባል። ኳንታይዘሩ ሜጀርና ማይነር አለው፤ እነዚህን ተዉአቸው። ሁሉንም 12 ድምፆች የሚቀበለውን ክሮማቲክ ወይም ጨርሶ የማይጎትተውን ሊኒየር ምረጡ፤ በሁለቱም አንቺሆዬ ይወጣል። የማትፈልጓቸውን እርምጃዎች እንዲዘላቸው ማድረግ ስለሚቻል በአምስትና በስድስትም ይቆረጣል። ቅሬታዬ ማዞሪያዎቹ ላይ ነው፤ ትንንሽና የተቀራረቡ ስለሆኑ ሁለት ጣት ሲገባ ጎረቤቱን ይነካል። እንደዚያም ሆኖ ለመጀመሪያ ግዢ ከጠየቃችሁኝ የምመክረው ይህንን ነው።

ከዚያ በላይ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ሞዱሎቹን የሚይዝ ሳጥንና የኃይል ማከፋፈያ ያስፈልገዋል፤ ዩሮራክ በሚባለው ደንብ በ12 ቮልት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ነው የሚሠራው። እዚህ ክፍል ውስጥ ልቤ ያለው ከዶፕፈር ኤ-155 ጋር ነው። ዶፕፈር ይህን ደንብ የጀመረው የጀርመን አምራች ነው። ኤ-155 ባለ 8 እርምጃ ሆኖ ሁለት ረድፍ ማዞሪያ አለው። በየእርምጃው ምልክት የሚያወጡ መቀያየሪያዎችም አሉት። ከእነዚህ አንዱን ሰባተኛው እርምጃ ላይ አብርታችሁ መውጫውን በኬብል ወደ ሪሴት ብትመልሱት ስድስት እርምጃ ይሆናል። የሁለቱ ረድፍ ጥቅም ግን ከዚህ ይበልጣል። የላይኛውን በአምባሰል፣ የታችኛውን በአንቺሆዬ ቃኙት። ሁለቱን መውጫዎች ኤ-151 ወደተባለው ተራ መቀያየሪያ አስገቡና ከእርሱ ወደ ኦሲሌተሩ ውሰዱት። መቀያየሪያው ምልክት ባገኘ ቁጥር ቅኝቱ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች የጋራ ስለሆኑ መሻገሪያው ሳይታወቅ ያልፋል፣ አድማጩ የሚነቃው አራተኛው ላይ ሲደርስ ነው። አንድ ክራር ይህን አይችልም፤ ሁለት ክራር ይፈልጋል። አንድ ረድፍ ያለውን ከመግዛት ታግሣችሁ ሁለት ረድፍ ያለውን ግዙ የምለው ለዚህ ነው።

የቤህሪንገር 960 የሙጉን ንድፍ በዩሮራክ መጠን ያመጣ ነው። ሦስት ረድፍ አለው፤ በየእርምጃው ሥር ደግሞ እርምጃው እንዲሄድ፣ እንዲዘለል ወይም እንዲቆም የሚያዝ መቀያየሪያ አለ። ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ዝለል ብትሉ ያለ ምንም ኬብል ስድስት ሆነ። ሦስተኛውን ረድፍ ለዜማ ሳይሆን ወደ ራሱ ወደ ምት ማመንጫው ብትመልሱት እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ርዝመት ያገኛል፤ አንዱ ይንጠለጠላል፣ ሌላው ይፈጥናል። የትዝታን መጎተት ወደ ማሽን ለማምጣት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ሰፊ ቦታ ስለሚወስድ ትንሽ ሳጥን ያለው ሰው ሌላ ሞዱል ማስገቢያ ያጣል።

ኢንተሌጀል ሜትሮፖሊስ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ስምንት ደረጃ አለው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስንት ምት እንደሚቆይ ከ1 እስከ 8 ትመርጣላችሁ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ድምፁ ይያዝ፣ ይደጋገም ወይስ ዝም ይበል ብላችሁም ታዛላችሁ። ድምሩ 12 እንዲሆን 3፣ 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2 ብትሉት ችክችካ ላይ የተቀመጠ ዜማ ወዲያው ይወጣል። በምት ረገድ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። በቅኝት ረገድ ግን ዲጂታል ሆኖ በኳንታይዘር ስለሚሠራ በጆሮ መቃኘት የለም። በፒያኖ ድምፅ ለሚረካ ሰው ይበቃል፤ እኔ አልረካሁም።

የሜክ ኖይዝ ሬኔ 16 ማዞሪያዎች በአራት በአራት የተደረደሩበት ነው። ወደ ጎን የሚያራምድና ወደ ታች የሚያራምድ ሁለት የተለያየ ምት ይቀበላል፤ ስለዚህ ዜማው በገበታው ላይ እንደ ገበጣ ጠጠር እየዘለለ ይሄዳል። የመጀመሪያው ስሪት ያልተጎተተ ቮልቴጅ የሚያወጣ መውጫም ስላለው በጆሮ ይቃኛል። ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ለመጀመሪያ ግን አልመክረውም። ዜማው ከየት ወደ የት እንደሄደ ሳያውቁ መጥፋት ቀላል ነው።

ስለ አየሩም መናገር አለብኝ፤ በሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ አታገኙትምና። ሲኩዌንሰሩ ቮልቴጁን ቢጠብቅም አናሎግ ኦሲሌተር በሙቀት ይንሸራተታል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ጭጋጉ ከጦሳ ሳይነሳ የቃኛችሁት እኩለ ቀን ላይ ቦታውን ለቆ ታገኙታላችሁ። መሣሪያውን ደሴ ቃኝታችሁ ወደ ኮምቦልቻ ብትወርዱ፣ ከዚያም ወደ ባቲ ብትቀጥሉ ሙቀቱ በየደረጃው ይለወጣል። ሳጥኑን አብርታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ካሞቃችሁ በኋላ ብቻ ቃኙ፤ መጀመሪያ ኦሲሌተሩን፣ ቀጥሎ የሲኩዌንሰሩን ማዞሪያዎች። ሁሉም ድምፆች እኩል ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ የሲኩዌንሰሩን ማዞሪያዎች አትንኩ፤ የኦሲሌተሩን ዋና ማስተካከያ ብቻ አዙሩ። መብራት በመጥፋቱ በኩል አናሎግ ሲኩዌንሰር ከዲጂታሉ ይልቅ ለእኛ ይስማማል፤ ማስታወሻው ማዞሪያው ራሱ ስለሆነ መብራት ሲመለስ ቅኝቱ እንዳለ ይጠብቃችኋል። የሚያጠፋው የሕፃን እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ነገር ባገኛችሁ ቁጥር ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት።

ሞዱል ስታስገቡ በጠፍጣፋው ኬብል ላይ ያለው ቀይ መስመር የኔጋቲቩ 12 ቮልት ምልክት መሆኑን አትርሱ። ገልብጦ መሰካት ብዙ ሞዱል ያቃጥላል፤ ከመሰካታችሁ በፊትም ኤሌክትሪኩን ንቀሉ።

በመጨረሻ ስለ ምቱ። አብዛኛው ሰው ሲኩዌንሰሩን የሚያስኬደው በማሽን ምት ነው። ወሎ ግን ከበሮና ድቤ አለ፤ ለምን እነርሱ አይመሩትም? የአንድ ብር ሳንቲም በሚያህል፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ፒየዞ ላይ ሽቦ በይዳችሁ በከበሮው አካል ላይ በፕላስተር ለጥፉት፤ ፒየዞው በርካሽ ማንቂያ ደወሎች ውስጥ ይገኛል። ምልክቱን ዶፕፈር ኤ-119 ወደተባለው የውጭ ድምፅ መቀበያ አስገቡ፤ እርሱ ምቱን ወደ ጌት፣ ማለትም ወደ በራና ጠፋ የቮልቴጅ ምልክት ይለውጠዋል፣ ጌቱ ወደ ሲኩዌንሰሩ ክሎክ፣ ማለትም ምት መግቢያ ይሄዳል። ከበሮ መቺው አንድ ጊዜ ሲመታ ዜማው አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሲያቆም ይጠብቃል። ኤስኪው-1ም ሆነ ራሳችሁ የሠራችሁት 4017 ይህን ይቀበላል፤ 4017ቱ ግን ከሚሠራበት ቮልቴጅ በላይ እንዳይደርሰው ከመግቢያው በፊት ሬዚስተር አድርጉ። ከበሮው ሁለቴ ከቆጠረ፣ ማለትም በአንድ ምት ሁለት እርምጃ ከሄደ፣ የኤ-119ን ማጉያ ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉ፤ የቆዳው ንዝረት ነው ሁለተኛውን የሚመታው።